ስለ አንድ ፊደል የሚከራከር ሁሉ ሥራ ፈት ነው? ምላሽ አለኝ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «አንተን ነው የሚሰድበው» የሚል መልእክትና አራት የሳቅ ምልክት አለ። ከፈትኩት። እውነትም እኔን ነው።

ጽሑፉ ስለ እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ነው፤ ማንም ሰው ገብቶ ሊጽፍበትና ሊያርመው ስለሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት። ጸሐፊው ከገጾቹ ጀርባ ያለውን የውይይት ገጽ ከፍቶ ሰዎች በቃላት ሲነታረኩ አይቷል፤ ደሙም ፈልቷል። ያለውን ላሳጥረው። ስለ ፊደልና ስለ ቃል መከራከር ሥራ መፍታት ነው ይላል። ትክክለኛው እንግሊዝኛ የእንግሊዞቹ ነውና ሁሉም በእሱ ይጻፍ ይላል። አንድ የተሳሳተ ሐረግ ለማጥፋት ዓመታቱን የሰጠው አሜሪካዊ ሐውልት ይገባዋል ይላል። የእኛ አገር ስሞች እኛ እንደምንጠራቸው ካልተጻፉ ንቀት ነው ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ሰው አርፎ ይቀመጥ፣ ከፈለገ የራሱን አማርኛ ይጻፍ ብሎ ይዘጋል።

እኔ እዚያ ሰፈር ጥቂት ዓመታት ኤዲት ሳደርግ ቆይቻለሁ። ትልቅ ሰው አይደለሁም፤ ኮማ አስተካካይ በሉኝ። ግን ሰፈሩን አውቀዋለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ቀድሜ ልናገር።

በመጀመሪያው ነጥብ ግማሽ መንገድ አብሬው እሄዳለሁ። ያመጣው ምሳሌ የ2013ቱን ፊልም «ስታር ትሬክ ኢንቱ ዳርክነስ»ን ነው። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ ከ2012 ዲሴምበር እስከ 2013 ጃንዋሪ መጨረሻ፣ የዊኪፒዲያ ሰዎች «ኢንቱ» የሚለው ቃል በትልቁ አይ (I) ይጀምር ወይስ በትንሿ (i) በሚል ከ40 ሺህ ቃል በላይ ጽፈው ተከራክረዋል። «በዚህ ጉልበት መጽሐፍ ይጽፉ ነበር» ይላል ጸሐፊው። ይጽፉ ነበር፣ እውነቱን ነው። እኔም ስቄያለሁ።

ግን ክርክሩ የፊደል ብቻ አልነበረም። የዊኪፒዲያ የአጻጻፍ መመሪያ፣ በርዕስ ውስጥ ያለ ከአምስት ፊደል በታች የሆነ መስተዋድድ በትንሹ ይጻፍ ይላል። ኢንቱ በእንግሊዝኛ አራት ፊደል ነው። ስለዚህ ትንሽ። አለቀ? አላለቀም። የንዑስ ርዕስ የመጀመሪያ ቃል ደግሞ ሁልጊዜ በትልቁ ነው የሚጀምረው። «ኢንቱ ዳርክነስ» ንዑስ ርዕስ ከሆነ ትልቁ አይ ይገባዋል። ፊልም ሠሪዎቹ ደግሞ መሐል ላይ ሁለት ነጥብ አላስቀመጡም። ታዲያ ስሙ አንድ ነው ወይስ ሁለት? «የኮከብ ጉዞ ወደ ጨለማ» ነው ወይስ «የኮከብ ጉዞ፦ ወደ ጨለማ»? ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ አንድ አይደሉም። መጨረሻ ላይ ትልቁ አይ አሸነፈ። 40 ሺህ ቃል ይበዛል? ኧረ በጣም ይበዛል። ጥያቄው ግን ባዶ አልነበረም።

ደግሞ ጸሐፊው ያላየው ነገር አለ፤ ሰዎቹ ራሳቸው በራሳቸው ይስቃሉ። በማይረባ ጉዳይ የተደረጉ ጦርነቶችን የሚሰበስቡበት የቀልድ ገጽ አላቸው። እርጎ እዚያ ውስጥ አለ። የእርጎ የእንግሊዝኛ ስም መሐሉ ላይ ኤች ይግባበት አይግባበት በሚል ርዕሱ እየተቀየረ፣ ክርክሩ እየተነሳና እየወደቀ ስምንት ዓመት ገደማ ሄዶ በ2011 ነው ያለ ኤች የተዘጋው። ስምንት ዓመት! እርጎው እንኳን አይብ ሆኖ ነበር።

የምለየው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ፊደሉን ሲያይ ቃሉን ረሳ። የውይይት ገጽ ላይ ከሚነሱት ክርክሮች ብዙዎቹ የፊደል አይደሉም። ለምሳሌ ስለ አንድ ሟች አርቲስት የተጻፈ ገጽ ውሰዱ። አንዱ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» የሚል ዓይነት የለሰለሰ እንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ሌላው መጥቶ «ዳይድ» ያደርገዋል፣ ሞተ። ሐበሻው ይቆጣል። ሞተ ብሎ ነገር ምንድን ነው፣ አረፉ አይባልም እንዴ? ቁጣው ይገባኛል። ለቅሶ ቤት ሄዶ «አባትህ ሞቱ አይደል?» የሚል ሰው ካለ ከዚያ በኋላ ቡና የሚጠራው የለም። የዊኪፒዲያ መመሪያ ግን ቁርጥ ያለ ነው፤ ሞት ሞት ተብሎ ይጻፋል። ምክንያቱም ያ ገጽ ለቅሶ ቤት አይደለም። የሚያነበው ሰው ሟቹን የሚወድ ብቻ አይደለም፤ የሚጠላም፣ ከነጭራሹ ሰምቶት የማያውቅም ያነበዋል። ለአንዱ «አረፈ»፣ ለሌላው «ሞተ» ማለት ከጀመርን ማን ያርፋል ማን ይሞታል የሚለውን የሚወስነው ማን ሊሆን ነው?

ከዚህ የባሰው «አለ» የሚለው ቃል ነው። አንድ ባለሥልጣን ድልድዩ አልቋል ብሏል እንበል። «ድልድዩ አልቋል አሉ» ብትጽፍ የእሳቸውን ቃል አደረስክ። «ድልድዩ ማለቁን ጠቆሙ» ብትጽፍ ድልድዩ እውነትም አልቋል ማለትህ ነው። «ድልድዩ አልቋል ባይ ናቸው» ካልክ ደግሞ ውሸታቸውን ነው ብለህ ጥቅሻ አደረግክ። ድልድዩን ሄደህ አላየኸውም፣ ግን በአንድ ግስ ብቻ ፈርደሃል። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው። «ክሌም» (ባይ ነው) የሚለው ቃል ጥርጣሬ ያዘለ ስለሆነ መመሪያው ጠንቀቅ በሉ ይላል፤ «ሴድ» (አለ) ይሻላል፣ ደረቅ ነው ግን አይወግንም። በዚህ የተነሳ ሰዎች ሦስት ቀን ቢነታረኩ እኔ ሥራ ፈት አልላቸውም። ሥራው ራሱ ይሄ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ፤ ትክክለኛው እንግሊዝኛ የእንግሊዞቹ ነው ወደሚለው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናዘዝ። ኤዲት ማድረግ በጀመርኩ ሰሞን ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ አንድ ገጽ ላይ «ከለር» የሚለው ቃል መሐሉ ላይ ዩ ገብቶበት አየሁ። የስልኬ ማረሚያ በቀይ አስምሮበታል። የፊደል ስህተት አገኘሁ ብዬ ዩዋን አወጣኋት፤ ከዚያ ሞቅ ብሎኝ ወርጄ ሌሎቹንም እንደዚያው ለቀምኳቸው። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ የማላውቀው ሰው ሁሉንም መልሶ አንድ መስመር ማስታወሻ ትቶልኛል። ገጹ በብሪታንያ አጻጻፍ ነው የተጀመረው፣ እባክህ እንዳለ ተወው። አልተሳደበም፣ ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል እንኳን አላለኝም። አፈርኩ። ትምህርት ቤት እያለሁ ያቺን ዩ በመርሳቴ ግማሽ ማርክ የቀነሱብኝ መምህር ትዝ አሉኝ። ያኔ በመርሳቴ፣ አሁን በማውጣቴ።

ያ ሰው የጠቀሰልኝ ሕግ ቀላል ነው። አንድ ገጽ ከአንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ጋር ጥብቅ ግንኙነት ካለው በዚያ አገር እንግሊዝኛ ይጻፋል። ስለ ለንደን አውቶቡስ በብሪታንያው፣ ስለ ቺካጎ ባቡር በአሜሪካው። እንዲህ ያለ ግንኙነት ከሌለው፣ ለምሳሌ ስለ ጨረቃ ወይም ስለ ጎንደር ከሆነ፣ መጀመሪያ በተጻፈበት ይቀጥላል። አንዱ ገጽ ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል ነው የማይፈቀደው። ለዚህ ነው ዊኪፒዲያ ላይ ስለ ቀለም በአጠቃላይ የሚያወራው ገጽ ዩ የሌለው ሆኖ፣ ስለ ብርቱካናማ ቀለም የሚያወራው ግን ርዕሱ ላይ ዩ ያለው። ጸሐፊው ይህንን አይቶ «ዝርክርክነት» ብሎታል። እኔ ሰላም እለዋለሁ። ማን ልክ ነው የሚለውን ጥያቄ ሳይመልሱ ጠቡን የሚያቆም ሕግ ነው። ለእግር ኳስ የተገኘው መላ ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። ፉትቦል ሲባል አሜሪካኖቹ አሻፈረኝ አሉ፣ ሶከር ሲባል ቀሪው ዓለም። ርዕሱ «አሶሲዬሽን ፉትቦል» ሆነ። ኳስ ሜዳ ላይ እንዲህ ብሎ የሚጠራው ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፣ ግን ማንም አልተሸነፈም።

አሁን እንግሊዞቹ ጋ እንምጣ። ጸሐፊው «አሉሚኒየም የሚለውን አሜሪካኖች አበላሽተው አሉሚነም አደረጉት» ይላል። ወንድሜ፣ አሉሚነም የሚለውን ስም በ1812 መጽሐፉ ላይ የጻፈው ሃምፍሪ ዴቪ የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት ነው። ያውም ከአራት ዓመት በፊት «አሉሚየም» የሚል ሌላ ስም አቅርቦ ነበር። አሉሚኒየም የሚለውን ያመጡት ሌሎች ናቸው፣ እንደ ሶዲየምና ፖታሲየም ይዜም ብለው። የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር አሉሚነምን በይፋ የያዘው በ1925 ነው። አበላሹ የተባሉት ሰዎች የእንግሊዙን ቃል ነው የያዙት። ዊኪፒዲያስ ምን አደረገ? ዓለም አቀፉን የኬሚስቶች ኅብረት ተከተለ። አሉሚኒየም በብሪታንያው ተጻፈ፣ ሰልፈር ደግሞ በአሜሪካው፣ በኤፍ። ሁለቱም ወገን አንዳንድ ዋጠ።

ቃል መጨረሻ ላይ የምትመጣዋ ዜድም እንደዚሁ ናት። ብዙ ሰው «ኦርጋናይዝ» በዜድ ከተጻፈ አሜሪካዊ፣ በኤስ ከተጻፈ እንግሊዛዊ ይመስለዋል። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ግን በዜድ ነው የሚጽፈው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እሱን ይከተላል። እና የትኞቹን እንግሊዞች ነው የምንከተለው?

ሦስተኛው ነጥብ፣ ሐውልት ይገባዋል የተባለው ሰውዬ። ታሪኩ እውነት ነው፣ በ2015 በሰፊው ተወርቷል። ካሊፎርኒያ የሚኖር የሶፍትዌር መሐንዲስ ነው። ከ2007 ጀምሮ «ኮምፕራይዝድ ኦፍ» የሚለውን ሐረግ ከእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ እየለቀመ ያወጣል። እስከ 2015 ድረስ 47 ሺህ ገደማ ኤዲት አድርጎ ነበር። ፍለጋውን የሚያግዘው ፕሮግራም ራሱ ጽፏል፤ ለምን እንደሚያወጣው የሚያስረዳ 6 ሺህ ቃል የሚያህል ማብራሪያም ለጥፏል።

ሐረጉ ምኑ ነው የሚያስጠላው? በአማርኛ ላሳያችሁ። «ቡድኑ 11 ተጫዋቾችን ያቀፈ ነው» እንላለን። አቃፊው ቡድኑ ነው። አሁን አንድ ሰው «ቡድኑ ከ11 ተጫዋቾች የታቀፈ ነው» ቢል ጆሮ ይቆረቁራል አይደል? ማን ነው ያቀፈው፣ ማን ነው የታቀፈው? የሰውዬው ቅሬታ ያችው ናት። «የተዋቀረ ነው» በሉና ገላግሉኝ ነው የሚለው።

ስሜቱ ይገባኛል። እኔ ሬዲዮ ላይ «ዝናብ የሚዘንብበት ሁኔታ ነው ያለው» የሚል ሰው ስሰማ ጣቢያ እቀይራለሁ። ዝናብ ይዘንባል በል፣ ምን አስጨነቀህ! ግን ያ የእኔ ጆሮ ነው እንጂ የአማርኛ ሰዋስው ሕግ አይደለም። «ኮምፕራይዝድ ኦፍ»ም ከ100 ዓመት በላይ በጥሩ ጸሐፊዎች እጅ ሲሠራበት ቆይቷል፣ መዝገበ ቃላት ውስጥም ገብቷል። ስለዚህ ጸሐፊው «ስህተት ስህተት ነው» ሲል ተሳስቷል። ሰውዬው የሚሠራው ሥራ ግን፣ ይገርማችሁ፣ እኔም አይከፋኝም። ሐረጉን አውጥቶ የሚያስገባው ማንንም የማይቆረቁር ቃል ነው። ግማሹን አንባቢ የሚያናድድና ማንንም የማያናድድ ቃል ትርጉማቸው እኩል ከሆነ ሁለተኛውን መውሰድ ምን ችግር አለው? ችግር የሚመጣው ሰው ይህን እያየ የራሱን ጥላቻ ሕግ አድርጎ ሲዘምት ነው። በተለይ ጥቅስ ውስጥ ገብቶ ሲያርም። ሰው የተናገረው ቃል በጥቅስ ምልክት ውስጥ ካለ፣ ቢያስጠላም እንዳለ ነው የሚቀመጠው። 47 ሺህ ኤዲት ትዕግሥት ነው። ሐውልት ግን ይቅር።

አራተኛው ነጥብ ላይ ለሁለት እከፍለዋለሁ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አስሮ ነው የወረወራቸው። አንዱ አጻጻፍ ነው። «አዲስ አበባ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «አባባ» ተብሎ ነው የሚነበበው፣ ይሄ ንቀት ነው ይላል። ጀርመኖችና ፈረንሳዮች በእርግጥ «አበባ» ወደሚለው ይቀርባሉ። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ግን የሚጠይቀው «ባለቤቶቹ ምን ይላሉ?» ብሎ ሳይሆን «እንግሊዝኛ አንባቢ በየትኛው ያውቀዋል?» ብሎ ነው። ይህ ልማድ ሲቀየር እሱም ይቀየራል። የዩክሬን ዋና ከተማ ለዓመታት ከሩሲያኛ በመጣው ስሟ ነበር የምትጻፈው፤ ለውጡ ብዙ ጊዜ ተጠይቆ ብዙ ጊዜ ወድቋል። ትልልቆቹ የዜና ተቋማት ወደ ዩክሬንኛው አጠራር ከዞሩ በኋላ በ2020 ሴፕቴምበር ርዕሱ ተለወጠ። በ2005 ደግሞ ስለ ፖላንዷ ግዳንስክ ድምፅ ተሰጥቶ ነበር፤ ከ1308 እስከ 1945 ስላለው ዘመን ሲጻፍ በጀርመንኛ ስሟ ዳንዚግ ትባል፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ግዳንስክ ትባል ተባለ። አስቡት፣ አንዲት ከተማ እንደ ዘመኑ ስሟ እየተቀየረ። አስቀያሚ ስምምነት ነው፣ ግን ሠርቷል። እኛስ? ራሳችን ፓስፖርትና ፖስታ ላይ «አባባ» እያልን እየጻፍን ሌላው «አበባ» ይበለን ማለት ትንሽ አይከብድም?

ሁለተኛው ነገር የሰው ስም ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ፣ እንዲያውም ከእሱ በላይ እናደዳለሁ። ፈረንጅ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። «ገብረሥላሴ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘ» ይላል። አባትየው ሲድኒ ላይ አልሮጡም! የሮጠው ኃይሌ ነው። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የመረጃ ስህተት ነው። ግን ጸሐፊው «ዊኪፒዲያ ይንቀናል» ከማለቱ በፊት መመሪያውን ቢያይ ጥሩ ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰዎች በራሳቸው ስም ይጠሩ፣ ሁለተኛው የአባት ስም ነው የሚል ማስታወሻ ብዙ ገጾች አናት ላይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን ዋና ዳይሬክተሩን «ዶክተር ቴድሮስ» ነው የሚለው። ሕጉ አለ። የጠፋው ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ የሚያስተካክል ሰው ነው።

ያስተካክላል የተባለው ሰው ደግሞ በአምስተኛው ነጥብ «አርፈህ ተቀመጥ» ተብሏል። እስቲ ይታያችሁ። እንግሊዝኛው አፍ መፍቻ የሆነው የማንቸስተር ሰው «ተስፋዬ በቀለ» ከሚለው ውስጥ የትኛው ሰውዬው፣ የትኛው አባቱ እንደሆነ በምን ያውቃል?

እንግሊዝኛችን ጎዶሎ ነው፣ አልክድም። የእኔ መስተዋድዶች እስከ ዛሬ ይንከራተታሉ፣ ሰው እያረመልኝ ነው የምኖረው። ግን በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር አለው፤ ያልገባውን ያውቃል። መመሪያው ለሁሉም የሚገባ ቃል ካለ እሱን ምረጡ ይላል፤ ለመነጽር ሁሉም አገር የሚያውቀውን «ግላስስ»ን ውሰዱ፣ ሕንዶቹ «ክሮር» የሚሉትን 10 ሚሊዮን በሉት። የሰፈሩን ፈሊጥ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የሚመስለው ባለ አፍ መፍቻው ነው። «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው እኛ ነን።

አማርኛውን ጻፍ ላለኝ ደግሞ፣ እጽፋለሁ። እዚያ ጠብ የለም ብሎ ካሰበ ግን ይምጣና ይየው። ዓለም በዐይኑ ዐ ወይስ በአልፋው አ? ፀሐይ በፀሐዩ ፀ ወይስ በጸሎቱ ጸ? እኔ ራሴ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የቀላቀልኩት ሳይኖር አይቀርም፣ አስተያየት መስጫው ላይ እንደምትለቅሙልኝ አውቃለሁ። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ከ15 ሺህ የሚበልጡ ገጾች አሉት፣ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ። ስለ ጎንደር ማወቅ የፈለገ የብራዚል ተማሪ የትኛውን እንደሚከፍት ግልጽ ነው። ያንን ገጽ ጎንደርን ለማያውቅ ሰው ብቻ ጥለን የምንወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ጸሐፊው መግባት ከፈለገ በሩ ክፍት ነው። አንድ ነገር ብቻ ያስታውስ። በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የሰው ኤዲት የመለሰ ይታገዳል። በዚህ ጽሑፉ ንዴት ከገባ እስከ ምሳ ሰዓት አይቆይም።